ዘመድ ያለበት ዩኒቨርሲቲ

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ አንድ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ካለፈ ግቢው በሙሉ አለፈ ማለት ነው። አከራዩ አልፈዋል፣ ተከራዩ አልፏል፣ እንጀራ ጋጋሪዋ አልፋለች፤ በልጅነቱ በኳስ መስኮት ሰበረ ብለው ጆሮውን የጠመዘዙት ጎረቤትም አልፈዋል። የ2015 ዓ.ም. ውጤት ሲወጣማ ደስታው ልክ አልነበረውም። ከተፈተኑት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸዋ! ከዚያ በፊት የነበረው ዓመትም ከ3.3 በመቶ አልዘለለም። በሁለቱም ዓመታት አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ማሙሽ (ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ ቤት ውስጥ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው) አለፈ ሲባል የቤቴል ሰው ምን ያህል እንዳበደ መገመት ነው።

ጣጣው የመጣው ከእልልታው በኋላ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲ ምረጡ አለ።

በእኛ ጊዜ ፎርሙ ወረቀት ነበር። እዚያው ትምህርት ቤት ከጓደኛችን ላይ ገልብጠን ሞልተን እንመልሳለን፤ ወላጆቻችን የምርጫችንን ነገር የሚሰሙት ምደባው ወጥቶ ሻንጣ ግዙልኝ ስንል ነው። እህቴ ግን እሑድ ከሰዓት ቡና አፍልታ ሰው ጠራች። ማሙሽ ጥግ ላይ ባለች ዱካ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠ። ጸሐፊያችን እንጂ ባለጉዳዩ አይመስልም ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት አማቼ ናቸው። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሹፌርነት ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ ለእሳቸው ዩኒቨርሲቲ ማለት መንገዱ ነው። ደብረ ማርቆስ ሲባል የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይታያቸዋል፤ ወሎ ሲባል ጣርማ በር፣ ደባርቅ ሲባል ሊማሊሞ። ሰመራን የሚያውቁት ጅቡቲ ሲመላለሱ ነው። «እዚያ ጎማው ራሱ አልቻለውም፣ ልጄ እንዴት ይችለዋል?» ብለው ሰረዙት። ስለ መምህራኑና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የጠየቃቸው የለም፣ እሳቸውም አላነሱም።

እህቴ ደግሞ የራሷ ካርታ አላት። ሰፈራችን ለሁለት መንገዶች ይቀርባል፤ አንዱ ከአየር ጤና ተነስቶ በዓለም ገና አድርጎ ወደ ወልቂጤና ጅማ ይሄዳል፣ ሌላው በአስኮና በቡራዩ አልፎ አምቦ ያደርሳል። የእሷ ምርጫ ከእነዚህ ሁለት መንገዶች ንቅንቅ አይልም። ልጅሽ ታመመ ቢሏት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወዲያው የምትሳፈርበት መሆን አለበት። የባሕር ዳርና የጎንደር ስም ሲነሳ ሲኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች። ያን ሰሞን አማራ ክልል ውስጥ ውጊያ ነበር፤ የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪ የሚጠሩበት ቀን እየተገፋ ነበር። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ሁለቱንም ስም ማሙሽ በራሱ ጊዜ ወደ ታች ሲያወርዳቸው አየሁ።

እፎይታ ገበያ ሱቅ ያላቸው የስልጤዋ ጎረቤታችን ግን ነገሩ ይህን ያህል መወሳሰቡ አልገባቸውም። «ወራቤ እያለ? የወንድሜ ቤት ከግቢው በር ፊት ለፊት ነው። ምን ሲደረግ ዶርም ይገባል!» አሉ። ነገሩ ሁሉንም አማለለ። ወዲያው ዘመድ ቆጠራ ተጀመረ፤ ዲላ የአክስት ልጅ፣ አሰላ የክርስትና አባት፣ ሆሳዕና አንድ የድሮ ተከራይ ተገኙ። ማሙሽ ደብተሩ ላይ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ስም ጎን የዘመድ ስልክ ቁጥር መጻፍ ጀመረ።

ይህን ጊዜ ጄኔራል ዊንጌት የተማሩት ሽማግሌ አከራያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስድስት ኪሎ ብለህ ጻፍና አሳርፈን።»

«ጋሼ፣ ስድስት ኪሎ እኮ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።»

«ምን ማለትህ ነው የለም? አፈረሱት እንዴ?»

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ በራሱ የመግቢያ ፈተና መቀበል እንደጀመረ ለማስረዳት ሁለተኛው ቡና አለቀ። አልፈርድባቸውም። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ተከፍቶ በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባል እነ ዓለማያ እርሻ ኮሌጅና ጎንደር ጤና ኮሌጅ ሳይቀሩ በሥሩ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን የሚጠየቀው ገባህ ወይስ አልገባህም ነው፤ የት የሚባል ጥያቄ አልነበረም። አርባ ምናምን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲባል የሚያሾፉባቸው ይመስላቸዋል። ሲሸነፉ ደግሞ ሁልጊዜ ማንዴላን ይጠራሉ፦ «ማንዴላ በ1954 እዚሁ ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ዘንድ ስድስት ወር ውትድርና ሊማር መጥቶ በሁለት ወሩ ገደማ ጠርተው ወሰዱት። ምን ቀረበት?» ከዩኒቨርሲቲ ምርጫ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማንም አልጠየቀም። ታሪኩ እውነት ነው፣ ኮልፌም ይኮራበታል።

ከዚያ ቨርጂኒያ ያለችው የአጎታችን ልጅ ደወለች፤ ስልኩን ላውድ ላይ አደረግነው። የእሷም ልጅ በዚያው ወራት ኮሌጅ ሊያመለክት ነበርና ምክሩ ትኩስ ነበር። እዚያ ልጆቹ ኮመን አፕ በሚባለው ብቻ እስከ 20 ኮሌጅ ማመልከት ይችላሉ፤ ለብዙዎቹ ማመልከቻ ይከፈላል፣ ስለ ራስ ድርሰት ይጻፋል። ዝርዝሩ በሦስት ይከፈላል አለችን፤ ዕድል ከቀናህ የምትገባባቸው፣ ውጤትህ የሚመጥናቸው፣ በምንም ቢሆን የማታጣቸው። ከሦስቱም መመጣጠን አለበት።

ይህ ለእኔ ተመቸኝ። የተማርኩ አጎት ነኝና በ2013 ዩኒቨርሲቲዎቹ የምርምር፣ የአፕላይድና አጠቃላይ ተብለው መለየታቸውን አስታውሼ፣ ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች እነ ጅማን፣ ሐዋሳን፣ ሐረማያን፣ አርባ ምንጭን ከላይ፣ የአፕላይዶቹን መሃል፣ አዳዲሶቹን ከታች እናድርግ አልኩ። «በምንም ቢሆን የማታጣው» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ተበታተንን። ለእህቴ የማይታጣው ወልቂጤ ነው፣ ለጎረቤታችን ወራቤ፣ ለአማቼ ገደል የሌለበት ሁሉ። እያንዳንዱ የሚፈራውን ነገር ዩኒቨርሲቲ አድርጎ እየጻፈ ነበር፤ ልጁ ምን እንደሚፈራ የጠየቀው የለም። እህቴ ጭራሽ የሕክምና ማስረጃ ያለው ቅርብ ይመደባል ሲባል ሰምታ «ቶንሲሉስ?» ብላ አረፈች። አማቼ ሕክምና ይሁን ኢንጂነሪንግ በሚለው ክርክር ከፈቱ፤ ከ2012 ወዲህ አንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ስለሆነ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ኋላ ነው ብል የሚሰማ ጠፋ።

ሰኞ ደብተሩን ይዘን ዓለም ባንክ አካባቢ ወዳለ ጽሕፈት ቤት ሄድን። በሩ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ዲቪ እንሞላለን» ይላል። ጥቅምት ነውና ሰልፉ የዲቪ ነው። ባለሱቁ ልጅ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥሮ ፎቶ ያነሳል፣ በሌላው እጁ ይተይባል፣ በትከሻውና በጆሮው መሃል ስልክ ይዟል። ማሙሽን ቀና ብሎም ሳያየው አንሶላው ጋ አቁሞ «ጆሮህ ይታይ፣ አትሳቅ» ብሎ አነሳውና፣ «ያገባህ ነህ ያላገባህ? ልጅ አለህ?» አለው። እህቴ «ኧረ ዩኒቨርሲቲ ነው!» ብላ ጮኸች። ሰልፉ ሳቀ። «ከተነሳ አይቀር ይሙላ» ያሉ ሴትዮ ነበሩ። አማቼ ትንሽ አሰብ አድርገው ከኪሳቸው ብር አወጡ። የመጀመሪያ ምርጫችን በዚህ ዓይነት አሜሪካ ሆነ።

የትምህርት ሚኒስቴሩ ፖርታል ሲከፈት ደግሞ መብራት ሄደ። የተሞላው ይቀመጥ አይቀመጥ የሚያውቅ የለም። የመጨረሻው ቀን ደርሷል፤ ጄኔሬተር ያለው ሌላ ሱቅ ፍለጋ እህቴ በአንድ በኩል፣ እኔና አማቼ በሌላ በኩል ተሰማራን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አማቼ መንገድ ላይ የድሮ ረዳታቸውን አገኙ፤ ሻይ ካልጠጣን ተባለ፣ ጠጣን። ስንመለስ መብራቱ መጥቶ፣ ፎርሙ ተልኮ፣ ማሙሽ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

«እንደተባባልነው ሞላኸው?»

«አዎ።»

ምደባው ሲወጣ አርባ ምንጭ ደረሰው። አዲስ አበባ ላይ ሆነው ሲያስቡት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሁለቱ የእህቴ መንገዶች በአንዱም ላይ አይደለም፣ ደብተሩ ላይም ከጎኑ ስልክ ቁጥር አልነበረውም። አንደኛ ምርጫው እሱ ሆኖ ተገኘ። ለካስ የፊዚክስ አስተማሪያቸው ቦታው በ1979 የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ እንደተከፈተ አውርቶላቸው ኖሯል፤ ማሙሽም ግድብ የሚሠራው የት እንደሚማር ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያውቅ ነበር። እንዳልጠየቅነው ልብ ይሏል።

እህቴ አለቀሰች። አማቼ ግን ወዲያው «ቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ ከዚያ ቁልቁል ነው፤ ጥሩ መንገድ ነው» ማለት ጀመሩ፤ ሳምንት ሳይሞላ እኔ ነኝ የመረጥኩለት ሲሉ ሰማኋቸው። ጎረቤታችንም ሆሳዕና ላይ ዘመድ አለን አሉ፤ መኪናው እዚያ ምሳ ይቆም እንደሆነ ብለው ነው።

ማሙሽ ከዶርም በደወለ ቁጥር እህቴ የምትጠይቀው ያው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ዘመድ አገኘህ ወይ? አንድ ቀን አገኘሁ አላት። ከላዩ አልጋ የሚተኛው ልጅ የ18 ማዞሪያ ልጅ ነው። «የማን ልጅ?» ብላ ስልኩን ዘግታ በማግስቱ 18 ማዞሪያ ወረደች፤ ቤት ለቤት ጠይቃ እናቱን አገኘች። አሁን ሁለቱ ሴቶች በሶና ዳቦ ቆሎ አንድ ካርቶን ውስጥ አሽገው አብረው ይልካሉ፤ ሽሮውን ማን ያዘጋጅ በሚለው ግን እስካሁን አልተስማሙም።