ሪሞትና የሳሎን አስተዳደር፦ ስለ አንድ ሳምንት የሥልጣን ሽግግር የቀረበ ጥናት

ሪሞት ማለት በአንድ እጅ የሚያዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር የሆነ፣ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ከላስቲኩ ሳይወጣ የሚኖር፣ ቴሌቪዥንን ወይም ሪሲቨርን ከሶፋ ሳይነሡ ለማዘዝ የሚያገለግል ዕቃ ነው። የከተማ ቤተሰብን አስተዳደር የሚመረምር ሰው ስለ ውርስ፣ ስለ ጋብቻ ውልና ስለ ንብረት ክፍፍል ብዙ የተጻፈ ነገር ያገኛል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ደንግጓል፤ ነገር ግን ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሪሞቱ በማን እጅ መሆን እንዳለበት ሕግ አውጪው ዝም ብሎ ያለፈው ሲሆን፣ ይህ ዝምታ በመዘንጋት ይሁን በፍርሃት የመጣ ለመለየት ያስቸግራል።

በልማድ እንደሚታመነው ሪሞቱን የያዘ ሳሎኑን ይገዛል። ይህ አስተያየት በር ላይ ቆሞ ለሚመለከት እንግዳ ትክክል ቢመስልም፣ የአንድን ሳምንት ዜና፣ ስፖርትና የቤት ውሎ በቅደም ተከተል ለተከታተለ ሰው አይጸናም፤ ምክንያቱም መያዝና ማዘዝ ሁለት የተለያዩ ሥልጣኖች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው በዕድሜና በክንድ ርዝመት የሚገኝ፣ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሪሞቱን ነክቶት ለማያውቅ ሰው የተሰጠ ነው።

የዕቃው ታሪክ በአጭሩ ሊታይ ይገባል። ዜኒት የተባለው የቺካጎ ኩባንያ በ1955 እ.ኤ.አ. ዩጂን ፖሊ የተባለው መሐንዲሱ የፈለሰፈውን፣ ብርሃን በመርጨት ቴሌቪዥንን የሚያዝ ገመድ አልባ ሪሞት አወጣ፤ ሆኖም በመስኮት የገባ ፀሐይም ጣቢያ መቀየር ስለቻለ በማግሥቱ ዓመት ሮበርት አድለር በሌላ ዘዴ ተካው። የአድለር ሪሞት ቁልፉ ሲነካ ትንሽ መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ እየመታ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ስለነበረ የባትሪ ድንጋይ ጨርሶ አያስፈልገውም ነበር። ኋላ ላይ ዓለም ወደ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን ወደማያየውና ከቀይ በታች ወዳለው ብርሃን ባይዞር ኖሮ፣ የደከመን ድንጋይ በጥርስ ነክሶ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ወይም አንዱን ካንዱ ቦታ አለዋውጦ ነፍስ መዝራት የተባለው አገር በቀል ዕውቀት ባልተፈጠረ ነበር። ይህ ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር ድንጋዩ ከግድግዳ ሰዓት ላይ ይነቀላል፤ በዚህም የተነሣ በብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ ቆሞ የቀረው ሰዓት አንድ ትልቅ ጨዋታ የተጀመረበትን ደቂቃ በትክክል የሚያመለክት የታሪክ ሰነድ ሆኖ ይገኛል።

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ጣቢያው አንድ ስለነበረና ለብዙ ዓመታትም አንድ ሆኖ ስለቆየ፣ ምርጫው መክፈት ወይም መዝጋት ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን የሪሞትን አገልግሎት የሚሰጠው ከቤቱ ልጆች ትንሹ ሲሆን፣ ይህ ልጅ «ድምፅ ጨምር» ሲባል ተነሥቶ ይጨምራል፣ ሥዕሉ በረዶ ሲለብስም ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን እያዞረ «አሁንስ?» በማለት ይጠይቃል፤ ጠርቷል የሚል መልስ ሲሰማም ለመውረድ እጁን ከአንቴናው ላይ ስለሚያነሣ ሥዕሉ ተመልሶ ይጠፋል። ያ ልጅ ዛሬ አባወራ ነው። ሪሞቱን ከእጁ ላለማውጣት የሚያሳየው ጽናት ከዚህ የጣሪያ ላይ አገልግሎት ጋር ያለው ግንኙነት ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ምሽት በሁለት ኃይሎች መካከል የተከፈለ ሲሆን፣ አንደኛው የ2 ሰዓት ዜና ነው። አባወራው ዜናውን የሚከፍተው አዲስ ነገር ለማወቅ ነው ማለት አይቻልም፤ የዕለቱን ወሬ ጠዋት በስልኩ፣ ቀን በመሥሪያ ቤቱ፣ ማታም በታክሲ ውስጥ ሰምቶ የጨረሰ በመሆኑ፣ 2 ሰዓት ላይ የሚጠብቀው የሰማው ነገር በዜና አንባቢ አንደበት ሲነገር ወይም ጭራሹን ሳይነሣ ሲታለፍ ማየት ነው፤ ከሁለቱም እኩል ዕውቀት ያገኛል። ዜናው አንድ ስብሰባ መካሄዱን፣ በስብሰባውም ላይ ገለጻ መደረጉንና ተሳታፊዎች አስተያየት መስጠታቸውን መዘርዘር ሲጀምር የአባወራው ዓይን ይከደናል፤ ሪሞቱ ግን ከእጁ አይወጣም። ይህ ሁኔታ «የእንቅልፍ ይዞታ» ሊባል የሚችል ሲሆን፣ ባለይዞታው ተኝቶ እያለ መብቱ የማይቋረጥበትን የይዞታ ዓይነት ያመለክታል። ሌላ ሰው ሪሞቱን በቀስታ ወስዶ ጣቢያውን ሲቀይር አባወራው ወዲያው ነቅቶ እያየ እንደነበረ ያስታውቃል፤ ስለ ምን ይወራ እንደነበረ ሲጠየቅ «ስለ ስብሰባው» ብሎ ይመልሳል፣ መልሱም ምንጊዜም ትክክል ነው።

ሁለተኛው ኃይል ተከታታይ ድራማ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር፣ የአገር ውስጥ የፊልም ባለሙያዎች ስለ ገበያና ስለ ባህል ያላቸውን ሥጋት አሰምተው ነበር፤ በሳሎኑ የሥልጣን ሚዛን ላይ ስለሚደርሰው መናጋት ግን የተናገረ አልነበረም። ዜና ቢያመልጥ ነገም ዜና አለ፤ የኢስታንቡሉ ሀብታም እውነተኛ ልጁ ማን እንደሆነች የሚያውቅበት ምሽት ካመለጠ ግን በማግሥቱ የጎረቤት ቡና ላይ የሚቀመጥ ሰው ዝም ብሎ ፈንዲሻ ከመቆርጠም በቀር ድርሻ አይኖረውም። በአገራቸው አንዱ ክፍላቸው ከሁለት ሰዓት በላይ የሚረዝም የቱርክ ድራማዎች ለውጭ ገበያ በአጭር በአጭሩ ተቆራርጠው ስለሚሸጡ፣ አንዲት ሙሽራ ከበር እስከ መሠዊያ፣ ይቅርታ፣ እስከ ፈራሚው ጠረጴዛ ለመድረስ የሳምንቱን ግማሽ ልትፈጅ ትችላለች። በእነዚህ ምሽቶች ትኩረት የሚገባቸው አያት ናቸው። አያት ሪሞቱን አይነኩም፣ የትኛው ቁልፍ ለምን እንደሆነም አያውቁም፤ «እስቲ ያቺን ልጅ አምጡልኝ» ብለው አንድ ጊዜ ይናገራሉ፣ ልጅቱም ትመጣለች።

ቅዳሜ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቀን ስለሆነ ሰፋ ያለ ትንታኔ ይፈልጋል። የቅዳሜ ጨዋታዎች በእንግሊዝ የተለመደ ሰዓት ሲኖራቸው፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ሰዓታቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ይንሸራተታል፤ ምክንያቱም እንግሊዞች በ1916 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ መካከል የድንጋይ ከሰል ለመቆጠብ ባወጡት ልማድ መሠረት በየመጋቢቱ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፍተው በጥቅምት ይመልሱታል፤ ኢትዮጵያ ግን ሰዓቷን አትነካም። ስለዚህ ውድድሩ ከሚጀመርበት ከነሐሴ አንሥቶ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ የቅዳሜ ምሽቱ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ 1፡30 ላይ ሲጀመር፣ ዜናው የሚመጣው በ30ኛው ደቂቃ ላይ፣ ማለትም ማንም ሰው ሪሞት ለመስጠት በማይፈቅድበት ሰዓት ነው። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ያው ጨዋታ ወደ 2፡30 ስለሚሸሽ አባወራው ግማሽ ሰዓት ዜና አይቶ ይተኛል፣ ልጁም ጨዋታውን ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ይከታተላል። ጉለሌ ውስጥ በአንድ አባትና በአንድ ልጅ መካከል በየዓመቱ በጥቅምት የሚወርደው እርቅ ከመቶ ዓመት በፊት የታሰበ የከሰል ቁጠባ ውጤት መሆኑን ሁለቱም አያውቁም፤ እናትየው ለማርያም ተስላ ነበርና ምክንያቱን ለእርሷ ይሰጣሉ። አባወራው ራሱ የአርሴናል ደጋፊ ከሆነ ግን ክርክሩ ሁሉ ይቀራል፤ የዚያን ምሽት ዜና ያን ያህል አስፈላጊ አልነበረም ማለት ነው።

ከጥቅምት በፊት ባለው አስቸጋሪ ወቅት «ርዕሶቹን ብቻ» የተባለው ስምምነት ይሠራል። ይህም ጣቢያው ለዐበይት ዜናዎች ብቻ ተቀይሮ እንዲመለስ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ጎል የሚገባው በዚሁ መካከል እንደሆነ በሰፊው ይታመናል፣ ማረጋገጫውም የጎረቤት ጩኸት ነው። ሥርጭቱ በየሪሲቨሩ የሚደርሰው በተለያየ መዘግየት ስለሆነ፣ ቤቱ ጨዋታው ላይ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ላይ ሳለች ከግድግዳው ማዶ ደስታ ሊሰማ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሳሎኑ በሙሉ የሚሆነውን እያወቀ የሚሆነውን ለማየት ይቀመጣል። በስምምነቱ ያልረካው ወገን ወደ ዲኤስቲቪ ቤት፣ ማለትም የመግቢያ ተከፍሎ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ ኳስ ወደሚታይበት ቤት ይሰደዳል፤ እዚያም ሪሞቱ ከባለቤቱ ኪስ የማይወጣ መሆኑን ሲያይ የአባቱን አገዛዝ ለዘብተኛነት መረዳት ይጀምራል።

በሳምንቱ ውስጥ ፍጹም የተኩስ አቁም የሚታወጀው የ10,000 ሜትር ሩጫ ካለ ነው። ውድድሩ 25 ዙር ሲሆን ወደ 27 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በእነዚህ ደቂቃዎች ሪሞቱ ባለቤት አጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ማንም አይፈልገውም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ስለገባ፣ ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው እርምጃ ድረስ የሚተነፍስ ሰው የለም። የውጭ አገሩ ዳይሬክተር በ18ኛው ዙር ሩጫውን ትቶ ጦር ወርዋሪ ሲያሳይ ግን ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ ይጮኻል፤ አያት ሳይቀሩ «መልሰው!» ብለው ያዛሉ፤ የእርሳቸው አንድ ቃል በሌላ ምሽት የኢስታንቡልን ልጅ ያመጣች ብትሆንም በጦር ወርዋሪው ላይ አትሠራም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው እየተፈላ «እሁድን በኢቢኤስ» ይከፈታል፣ እንግዳም ይመጣል። እንግዳ በመጣ ጊዜ ሪሞቱ በሁለት እጅ ይቀርብለታል፤ እንግዳውም «ኧረ ግድ የለም፣ የምታዩትን እዩ» ብሎ ይመልሳል፤ ሪሞቱን ተቀብሎ በእውነት ጣቢያ የቀየረ እንግዳ ግን በቀጣዩ እሑድ አይጠራም። የእናት ሥልጣን ጎልቶ የሚታየውም በዚሁ ቀን ነው። እናት ከማእድ ቤት ብቅ ብላ «ይሄን ማን ነው የሚያየው?» ስትል መልስ የሚሰጥ አይገኝም፤ «እኔ» ያለ ሰው ሥራ እንደሌለው በገዛ አንደበቱ ስለመሰከረ ወዲያው ስኳር ለመግዛት ይላካልና። ባለቤት ያልተገኘለት ጣቢያ ይዘጋል ወይም በመዝሙር ይተካል፣ ሪሞቱ በዚያ ሰዓት በማን እጅ እንደነበረም አይጠየቅም።

የመጨረሻው ጉዳይ የሪሞቶቹ ብዛት ነው። ዲሽ ባለበት ቤት ሪሞት ሁለት ሲሆን፣ የሪሲቨሩ ጣቢያ ይቀይራል፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይህ አወቃቀር ሥልጣንን በተፈጥሮው የሚከፋፍል ነው፤ አባወራው ዜናውን ሲመርጥ ሚስት ድምፁን ታጠፋበታለች፣ እርሱም አፉን እየከፈተ ገለጻ የሚሰጠውን ሰው ብቻ ያያል። መርካቶ የሚሸጠው ሁሉንም የሚያዝ ሪሞት ይህን ክፍፍል አጥፍቶ ሥልጣንን በአንድ እጅ ለመጠቅለል ተስፋ ተደርጎበት ነበር፤ አባወራውም በዚሁ ሐሳብ ገዝቶ ወደ ቤቱ ያመጣዋል። ዕቃው እንዲሠራ ግን ለየቴሌቪዥኑና ለየሪሲቨሩ የተመደበው ኮድ መግባት አለበት፤ ኮዱ ከመሣሪያው ጋር በመጣችው፣ ፊደሏ ጉንዳን በሚያህል ወረቀት ላይ የተዘረዘረ በመሆኑ አባወራው መነጽሩን ሲፈልግ የዘጠኝ ዓመት ልጁ ወረቀቷን ወስዶ ያስገባዋል። ድንጋይ በተቀየረ ቁጥር ኮዱ ስለሚጠፋም ልጁ በየጊዜው ይጠራል፤ ወረቀቷ ያለችበትን እስካሁን ለማንም አልተናገረም።