ከአንድ ሰዓት በታች

ከመቀሌ አሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ እስከ ሳዑዲዋ ጂዛን በቀጥታ መስመር ቢለካ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመቀሌ አዲስ አበባ እንደመብረር ማለት። የኢንተርኔቱ ርቀት አስሊ «ከአንድ ሰዓት በታች» ብሎ ይፈርዳል። እግዜር ይስጠው!

የእኛ ልጆች ግን አይቸኩሉም፤ አገር እያዩ ነው የሚሄዱት። ትራንዚቱ የጅቡቲዋ ኦቦክ ናት። ከዚያ ባሕሩን በጀልባ፣ የመንን እስከ ሰዓዳ በመኪናና በእግር። ሻንጣ? አንድ ፌስታል። ትኬት ቆራጩ ደላላ ዋጋውን መሃል መንገድ ላይ ይከልሳል፤ ልዩነቱን ቤተሰብ በሬ ሸጦ ይልካል።

አቀባበሉም ለጉድ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ሲል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ዘገበ፤ ሪያድ «መሠረተ ቢስ» ብላ አለፈችው።

ተርፎ የገባውም ተይዞ እስር ቤት ሲከርም፣ ያ ሁሉ ውጣ ውረድ በአንድ ጊዜ ይቃለላል። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ከ100 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ሊመልሱ ተነሡ። ደላላ የለ፣ በሬ መሸጥ የለ። ለካ አውሮፕላኑስ ሞልቷል፤ ወደ እንጀራው አቅጣጫ አልበር ብሎ እንጂ!