ስድስት ኪሎ

እማዬ ከእንቅልፍ ጋር ከተጣላች ሰነበተች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስታ ድስት ስታንኳኳ ቤቱ በሙሉ አብሯት ይነሳል። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በስልክ መድኃኒት አዘዘች፤ ከባድ ብርድ ልብስ። ውስጡ የብርጭቆ ፍሬ ተሞልቶ ሰውነትን ጫን እያደረገ ያረጋጋል አሉ። በፈረንጆቹ 2020 የስዊድን ሐኪሞች እንቅልፍ ባጡ 120 የአእምሮ ሕሙማን ላይ ሞክረውት፣ ከባዱን የለበሱት ቀላሉን ከለበሱት በተሻለ ተኝተዋል። የእነሱስ የተሞላው በብረት ሰንሰለት ነው። እኛ አገር በሰንሰለት ተይዞ እንቅልፍ የወሰደው ሰው አልገጠመኝም።

«ላኪልን» አልኳት።

«በማን? አንዲት ጫማ ያዝልኝ ሲሉት ሰው 23 ኪሎዬ ሞልቷል እያለ!»

ልሰፋው ወሰንኩ። የእማዬ የእግር ሲንጀር የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ጥግ ቆሟል።

ደንቡ የለባሹ ክብደት አንድ አሥረኛ ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው ከሚቀመጡት ልጆች አንዱ ጋ ወሰድኳት። «ሰው እህል ነው እንዴ የሚመዘነው?» እያለች ከነጋቢዋ፣ ከነቦርሳዋ፣ ከነጃንጥላዋ ወጣችበት። 63። ለኮተቱ ሦስት ቀነስኩና ስድስት ኪሎ አልኩ።

የብርጭቆ ፍሬ ፍለጋ መርካቶን ብዞር የሚያሳዩኝ ሁሉ ጨሌ ሆነ። ወደ እህል ዞርኩ። ጤፍ በስፌቱ ይሾልካል፣ ባቄላ ይቆረቁራል፣ ተልባ ውኃ የነካው ቀን እማዬን ከሙጫ ውስጥ ማውጣት ሊኖርብን ነው። ምስር ይሻላል። ባለሱቁ እየመዘነ «ድግስ አለ?» አለኝ። «የለም፣ ለብርድ ልብስ ነው» ስለው ሚዛኑን ትቶ ፊቴን አየ።

አሰፋፉ ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለት አቡጀዲ ደርቦ ሦስቱን ጎን መዝጋት፣ ከላይ እስከ ታች ስድስት ቦይ ማውጣት፣ በየቦዩ ሁለት ሲኒ ምስር (በሱቁ ሚዛን 100 ግራም) ጨምሮ በአግድም መስፋት፣ እንደገና መጨመር፣ እንደገና መስፋት። አሥር ረድፍ፣ 60 ክፍል። አምስተኛው ረድፍ ላይ ጨርቁ እንደ ሙክት ወደ ኋላው ይጎትተኝ ጀመር፤ ጫፉን የሚይዝልኝ የጎረቤት ልጅ በከረሜላ ቀጠርኩ። አንዲት ምስር መርፌው ሥር ከገባች፣ ጧ! አራት መርፌ ሰበርኩ። ድፍን ምስር በስፌት መኪና የከካ ሌላ ሰው ካለ ልተዋወቀው እፈልጋለሁ።

የሁዳዴ መያዣ ማታ አለበስኳት። ዝም አለች። ተኛች ብዬ በእግር ጣቴ ልወጣ ስል ከሥሩ ድምፅ መጣ።

«ምንድን ነው የከተትክበት?»

«ምስር።»

«ክክ ነው ድፍን?»

«ድፍን።»

ቆየችና፣ «መንዝ ሳለን አባቴ ባና ነበረው። እሱ ሥር የገባ ልጅ እስኪነጋ አይገላበጥም። ይህን ሁሉ ከምትለፋ ባና አትገዛልኝም ነበር?»

ባና! የእህቴን ምክር ስሰማ፣ ስዊድኖቹን ሳደንቅ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ ስሰፋ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። መልስ ሳዘጋጅ ማንኮራፋት ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ መተኛቷን አልክድም። ብቻ በሁለተኛው ሳምንት አልጋዋን ሳነጥፍ ጥግ ያሉ ሁለት ክፍሎች ልል ብለው አገኘሁ። ስፌቱ ተተርትሮ፣ ከእኔ በሚያምር እጅ ተመልሶ ተሰፍቷል። ምሳችን ምስር ወጥ ነበር።

«ተወዷል» አለች፣ ሳልጠይቃት።

ትናንት ቆጠርኩ፤ አሥር ክፍል ባዶ ነው። አምስት ኪሎ ደርሰናል። ጾሙ ገና አልተጋመሰም፤ በዚህ አካሄድ ለሆሳዕና አራት ኪሎ እንገባለን።