እረኝነት በማመልከቻ

በአሜሪካ እረኛ ለመሆን ማመልከቻ ይጻፋል። ማመልከቻው የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የመስካሪዎችን ስምና ስልክ ይጠይቃል፣ አመልካቹ ከአምስት ዓመት በኋላ የት ለመድረስ እንዳሰበ ይጠይቃል። በመጨረሻም ስለ አፈር ያለውን ስሜት በአንድ ገጽ እንዲገልጽ ያዘዋል። ተመርጦ የገባ ሰው ከመጋቢት እስከ ኅዳር እዚያው እርሻው ላይ ያድራል፤ ማደሪያው ብዙ ጊዜ አሮጌ ተጎታች ቤት ነው። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ በግ ያሰማራል፣ ዶሮ ይመግባል፣ ፍግ ይዝቃል፣ ማታ ከባለ እርሻው ጋር ከአንድ ማዕድ ይበላል፣ በወሩ መጨረሻ ለስልክና ለነዳጅ የምትበቃ ገንዘብ ይቀበላል። ላልተመረጠው ደግሞ «ዘንድሮ አመልካቹ ስለበዛ ይቅርታ፣ መልካም ዕድል» የሚል ደብዳቤ ይላክለታል። እኛ አገር እረኝነት የሚሸሹት እንጂ የሚከለከሉት ሥራ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የተማርኩት በአንድ ወዳጄ ልጅ ምክንያት ነው። ወዳጄ መንዝ ተወልዶ፣ ገና ጥርሱን ሳይቀይር በግ ጠብቆ፣ በኋላ በትምህርት ቤት በኩል ያመለጠ ሰው ነው። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ልጆቹን ሲያሳድግ አንድም የሥራ ባልደረባው እረኛ እንደነበረ አያውቅም። ለልጁ ግን ሳይነግራት የዋለበት ቀን የለም፤ ያውም ለማስፈራሪያ። «ካላጠናሽ በግ ጠባቂ ሆነሽ ትቀሪያለሽ!» ልጅቷ ፈርታ አጠናች። በአካባቢ ሳይንስ በማዕረግ ተመረቀች። ጋወኗን አውልቃ ሳትጨርስ በግ ጠባቂ ለመሆን አመለከተች፤ ተቀበሏትም።

እናትየው ነገሩን የያዘችው በዘዴ ነው። በዕድሩ «ልጅቱ የት ደረሰች?» ሲሏት «የእንስሳት ሥልጠና ላይ ናት» ትላለች። ሰሚው ሐኪም ልትሆን ነው ብሎ ይገምታል፤ እሷም አታርምም። እንዲያውም አንዲት የማኅበር እህት ስለ ውሻዋ የቆዳ ሕመም ልታማክራት ስልክ ቁጥሯን ተቀብላለች ሲባል ሰምቻለሁ።

ልጅቷን ግን ብቻዋን አንውቀሳት፤ መንገዱ ከእሷ በፊት የተጠረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሱ ኮፓርድ የምትባል የለንደን ጸሐፊ ገጠር ናፈቃት። ችግሯ ሄዳ የምታርፍበት የገጠር ዘመድ ማጣቷ ነበር። ስለዚህ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆና ሰሴክስ ውስጥ በሚገኘው የኤመርሰን ኮሌጅ እርሻ ላይ ቅዳሜና እሁድን በነጻ ልትሠራ ሄደች። ያ ጉዞ አድጎ ዛሬ «ዉፍ» የሚባል፣ ከመቶ በላይ አገሮችን ያዳረሰ መረብ ሆኗል፤ እንግዳው በቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል፣ ባለ እርሻው ያበላዋል፣ ያሳድረዋል። የኛ ከተሜ ይህን ቢሰማ ግራ ይገባዋል። እሱ የገጠር ዘመድ ሞልቶት፣ ለሰርግ ሲጠራ አንዲት ሌሊት አድሮ «ቁንጫው!» እያለ የሚመለስ ነው።

ልጅቷ የገባችበት እርሻ ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ ነው። በዚህ ሸለቆ ስለ ከብትና ስለ ሣር ሲወራ የጆኤል ሳላቲን ስም ሳይነሳ አይቀርም። ቤተሰቡ ፖሊፌስ የተባለውን እርሻ የገዛው በ1961 ነው። እሱ ከብቶቹን በየቀኑ ወደ አዲስ ሣር ያዛውራል፤ ከሦስት ቀን በኋላ በጎማ የሚጎተት የዶሮ ቤት ያስከትላል። ዶሮዎቹ እበቱን ጭረው የዝንቡን እጭ ይለቅማሉ፣ ፍጉን ይበትናሉ፣ በዚያው እንቁላል ይጥላሉ። ሰውየው መጻሕፍት ጽፎበታል፣ ወጣቶች ለመማር ይጎርፉለታል፤ የመንግሥትን የኦርጋኒክ ወረቀት ግን አልፈልግም ባይ ነው። የልጅቷ አሠሪ አካሄዱን ተቀብሎ ወረቀቱንም የያዘ፣ ሁለቱንም ወገን ያላስቀየመ ሰው ነው።

ወረቀቱ ቀላል አይደለም። መሬቱ ሦስት ዓመት ሙሉ የተከለከለ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሊነካው አይገባም። ለእርድ የሚውለው በግ በማኅፀን ሳለ ጀምሮ፣ እናቱ ካረገዘችበት የመጨረሻ ሲሶ ጊዜ አንሥቶ ማለት ነው፣ በሥርዓቱ መያዝ አለበት። ሣር በል እንስሳ በዓመት ቢያንስ 120 ቀን መስክ ላይ መጋጥ፣ በዚያም ወቅት ከደረቅ ምግቡ ቢያንስ 30 በመቶውን ከግጦሽ ማግኘት አለበት። ሲታመም ማከም ግዴታ ነው፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከተሰጠው ግን ኦርጋኒክ ተብሎ አይሸጥም። ይህ ሁሉ በየዕለቱ በመዝገብ ይሰፍራል፤ የሚያሰፍሩትም እንደ ልጅቷ ያሉት ሠልጣኞች ናቸው። ልጅቷ በስልክ ይህን ስታስረዳ አባቷ አቋረጣት። «የቀረውን 245 ቀን በጉ የት ይሄዳል?» የመንዝ በግ ዓመቱን ሙሉ ሲግጥ ኖሮ አንድም መዝጋቢ አልቆመለትም።

በሌላ ቀን ደግሞ ትልቁን ትምህርት ይዛ ደወለች። ሣር ተግጦ ወዲያው ከተደገመ ሥሩ ይደክማል፤ ማረፍ አለበት። ይህን አንድሬ ቯዛን የተባለ ፈረንሳዊ በ1957 በመጽሐፍ አስረድቷል፤ ለዚህ ነው የኤሌክትሪክ መረብ አጥሩ በየጊዜው የሚነቀለውና የሚተከለው። አባት ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «አባዬ?» አለች።

«ጓሳ!» አለ በመጨረሻ።

እውነቱን ነው። መንዝ ውስጥ የጓሳ መስክ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ተጠብቆ የኖረ ነው። ሕዝቡ ተስማምቶ ሲዘጋው ለዓመታት ከብት አይገባበትም፣ ሣር አይታጨድበትም ነበር፤ ሲከፈት ባለመብቱ ሁሉ ድርሻውን ያገኝ ነበር። ሥርዓቱ የተናጋው እ.ኤ.አ. በ1975ቱ የመሬት አዋጅ ነው። ወዳጄ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን የፈረንሳይ መጽሐፍ እስኪጠቀስ ድረስ ዕውቀት መሆኑን አልጠረጠረም። ከዚያች ምሽት ወዲህ ግን ዝም የሚያሰኘው ጠፋ። ቡና ሲጠጣ ሣር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሣር ነው። መጀመሪያ ቄሮን የአባቶቻችን ጥበብ ይለው ነበር፤ ቀጥሎ የአያቴ ሆነ፤ ባለፈው ስንገናኝ ሐሳቡን ያፈለቀው እሱ ራሱ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጠብቆ የማያውቀው ከተሜ ሁሉ ደግሞ በእሱ ተበረታቶ እረኝነቱን ማስታወስ ጀምሯል። ፒያሳ ተወልዶ ያደገ አንድ ጎረቤታችን «እኔም ክረምት ክረምት...» ብሎ ሲጀምር ሰምቼዋለሁ።

ፈረንጆቹም ከዚህ አይሻሉም። ሠልጣኞቹ ስምንት ናቸው፤ ሁሉም የኮሌጅ ምሩቅ፣ ሁሉም ጉልበታቸው ላይ የተቀደደ ሱሪ የለበሱ። ሱሪው የተቀደደው ግን በሥራ ሳይሆን በፋብሪካ ነው። ፍግ ሲዝቁ በተመስጦ ነው፤ አንዱ እፍኝ አንሥቶ ሲያሸት አይቼዋለሁ። ወደ ጎረቤት እርሻ ለጉብኝት ሄደው ደግሞ ሌላ ነገር ተምረው መጡ። ሩዶልፍ ሽታይነር በ1924 ባስተማረው መሠረት የላም ቀንድ በእበት ይሞላል፣ ክረምቱን መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል፣ ሲወጣ በውኃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት እየተማሰለ ማሳው ላይ ይረጫል። ወዳጄ ቻይ ሰው ነው፤ ይህን ግን አልቻለም። «በቀንድ ጠጅ ይጠጣል እንጂ...» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከዚህ ሁሉ ተመስጦ በስተጀርባ ሒሳብ አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ባለፈው ዓመት በየትኛውም ሩብ ከ500 የሰው ቀን በላይ ጉልበት ያልተጠቀመን እርሻ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከመክፈል ነጻ ያደርገዋል። ትንሹ እርሻ የሚቆመው በዚህና በወጣቶቹ ፍቅር ነው። አንድ ወቅት ሙሉ ያለ በቂ ደመወዝ መማር የሚችለው ደግሞ የቤት ኪራይ የማያስጨንቀው ነው፤ የኛዋን ልጅ ጨምሮ ማለቴ ነው፣ የመኪናዋን ኢንሹራንስ የሚከፍለው ያው የቀድሞው እረኛ ስለሆነ። ተምረው ሲወጡ መሬት አይኖራቸውም። በ2022 ቆጠራ የአሜሪካ ገበሬ አማካይ ዕድሜ 58.1 ነበር፤ መሬቱ በእነዚያ እጅ ነው፣ ዋጋውም ለበግ ጠባቂ አይቀመስም። ልጅቷ ይህን ስነግራት «እናውቃለን» አለችና የኤሌክትሪክ አጥሯን መትከል ቀጠለች። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የማውቀውን ያህል ከባድ ነገር እያወቅሁ ምንም የተከልኩት የለኝም።

ለእንቁጣጣሽ ቤተሰቡ በግና ዶሮ ሊገዛ ወደ እርሻው ሲወጣ እኔም ተከተልኩ። ግቢው የሐበሻ መኪና ሞልቶታል፤ የሸለቆው ገበሬዎች የኛን የበዓል ቀን ከእኛ ልጆች በተሻለ ያውቃሉ። ወዳጄ ገና ከመኪናው ሳይወርድ እጁን እያሟሸ ነበር። አንድ ጠቦት ያዘና በልማዱ ላቱን ሊመዝን ወደ ኋላ ቢሰድ እጁ ባዶ መጣ። የፈረንጅ በግ ላት የለውም፤ ያለችውንም ጭራ በሕፃንነቱ ይቆርጡለታል። አዝኖ ወደ ወገቡ ተመለሰ። ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ አከርካሪውን በአውራ ጣቱ ጫን አለና «ይህ ገና ነው» ብሎ ለቀቀው፤ ሁለተኛውን «ይህ ይሻላል»፤ ሦስተኛውን «ይህ ነው!»

ባለ እርሻው ሠልጣኞቹን ጠራ። የበግን ሥጋ ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ነጥብ መለካት የሚያስተምራቸው እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው አያያዝ ኖሯል፤ እነሱ ሁለት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። «የት ነው የሠለጠኑት?» አለው። ወዳጄ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ለዚያ ሁሉ ዘመን የደበቀውን በጠራ እንግሊዝኛ ለስምንት ፈረንጅና ለመላው ሐበሻ ገበያተኛ አወጀ። ዘመኑን ግን በትንሹ በእጥፍ አሳደገው፤ በጎቹንም እንዲሁ። ልጅቷም ልትበለጥ አልወደደችም፤ የአንዱን በግ የታችኛ ዓይን ሽፋን ገልብጣ ቀለሙን ከአንድ ካርድ ጋር አስተያየች። ደም መጣጭ የጨጓራ ትል ያለበት በግ ዓይኑ ይነጣል፤ ካርዱ ይህን ለመለየት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ነው፣ የሚሰጠውም ለሠለጠነ ብቻ ነው። አባት ካርዱን ተቀብሎ አገላብጦ አየና ኪሱ ከተተው። እስካሁን አልመለሰላትም።

እናትየው በበጉ ጉዳይ አልገባችም። እሷ ያገኘችው ሌላ ሀብት ነው፤ እንቁላል መጣል ያቆሙ ያረጁ ዶሮዎች። ባለ እርሻው ገዢ ስለሌላቸው በርካሽ ይሸጣቸዋል፤ የእሱ ደንበኛ የሚፈልገው የሁለት ወር ጫጩት፣ ድስት ውስጥ ገብቶ ቀይ ሽንኩርቱ ሳይበስል የሚፈርሰውን ነው። ሁለቱን አንጠልጥላ መጣችና ቆመች፤ አራጅ ወንድ ያስፈልጋል። እሷ ባደገችበት ሰፈር ሴት ዶሮ ይዛ በር ላይ ቆማ አላፊ ወንድ ትለምናለች እንጂ ቢላዋ አታነሣም። ወዳጄን አየችው፤ የበዓል ሸሚዝ ለብሻለሁ አለ። እኔን አየችኝ፤ ስልኬን አየሁ።

«አምጪው እማዬ» አለች ልጅቷ። ጎማ ሽርጥ ለብሳለች። በአሜሪካ ሕግ እርሻ ተቆጣጣሪ አጠገቡ ሳይቆም በዓመት እስከ 20,000 የራሱን ዶሮ ማረድ ይችላል፤ እሷም በዚያ ክረምት ከዚያ ውስጥ ድርሻዋን አድርሳለች። እናት «በስመ አብ!» አለች፤ ያለችው ግን ለማማተብ ነው። ክርክሩ ረዘመ፤ ኋላ ወዳጄ መፍትሔ አመጣ፤ ጸሎቱን እሱ ሊያደርስ፣ ቢላዋውን እሷ ልትይዝ። አደረሰ፤ ያደረሰው ግን ወደ በጎቹ ዞሮ ነው። ልጅቷ ዶሮዎቹን በቁልቁል በብረት ሾጣጣው ውስጥ አስገብታ ጨረሰች፣ ፍል ውኃ ነከረች፣ ማሽኑ ላባውን አራገፈ።

«ብልቱን አውጪ» አለች እናት፣ ፈተናው አሁን ገና መሆኑን በሚያሳውቅ ድምፅ። ልጅቷ ስምንት ቦታ ከፋፍላ አቀረበች። እናት ቆጠረች፤ እንደገና ቆጠረች። «አራቱስ?» ቢላዋውን ተቀበለቻት፤ ስምንቱ የኮሌጅ ምሩቃን ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው ከበቧት።

በመመለሻው መንገድ ከዕድሩ አንዷ ደወለችላት። ስልኩ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ነበርና ሁላችንም እንሰማለን። ዶሮው ተገኘ፣ በጉም ተገኘ፣ ደህና ነን። «እሰይ! ማን አረደላችሁ ታዲያ?»

«አባቷ ነዋ» አለች፤ ወዳጄም መሪውን እንደያዘ «ምን ይደረግ» በሚል አኳኋን ራሱን ነቀነቀ።