«ተርን ዳውን»ን ለሚደምሩ

«ተርን ማዞር፣ ዳውን ታች። ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ምን ቀረኝ?» ይላል አንዱ። የቀረህማ ዋናው ነው ወዳጄ! እስቲ «ቁጭ» ብቻውን ምን ማለት ነው? «አለ»ስ መናገር አይደል? ቁጭ ያለ ሰው ታዲያ ምን ተናገረ? አማርኛን ቃል እየደመርክ አልተማርክም፤ እናትህ «ቁጭ በል» ስትልህ ቁጭ አልክ፣ አለቀ።

የእንግሊዝኛው «ተርን ዳውን»ም እንደዚያው ነው። ራዲዮኑን «ተርን ዳውን» ካሉህ ድምፁን ቀንስ ማለታቸው ነው፤ ምድጃውን ካሉህ እሳቱን። የሥራ ማመልከቻህ «ተርን ዳውን» ተደረገ ከተባለ ግን አልተቀበሉህም። አንተም የቀረበልህን ሥራ «ተርን ዳውን» ካደረግክ አልፈልግም ብለሃል። የቱ እንደሆነ የሚነግርህ አብሮት ያለው ስም ነው፤ ስለዚህ ግሡን ደብተርህ ላይ ለብቻው አትጻፈው። «ተርን ዳውን ዘ ራዲዮ»፣ «ተርን ዳውን ኤን ኦፈር» ብለህ ሙሉውን ያዘው።

«ቅጥ ያጣ ቋንቋ!» ትላለች ሌላዋ። ቅጥማ አለው እህቴ። «ዘ ራዲዮ»ን መሐል ብታስገቢውም መጨረሻ ብታደርጊውም ያስኬዳል። «ኢት» ሲሆን ግን ቦታው መሐል ብቻ ነው፦ «ተርን ኢት ዳውን»። «ተርን ዳውን ኢት» የሚል የለም። ከበደኝ ብለሽም አትፈሪ፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ግስ እንዲህ ከትንንሽ ቃላት ጋር ሲጣመር ባዕድ ሰውን እጅግ እንደሚያስቸግር ራሱ ጽፏል። ባለቤቱ ያመነውን አንቺ ምን አስካደሽ?

እኔን የሚያበግነኝ ሦስተኛው ነው፤ አንድ ተማሪ «ወደ ታች አዞሩኝ» ብሎ ሲተረጉም ከኋላ ወንበር የሚስቀው። ምን ያስቅሃል? ልጁ የሚያውቃቸውን ሁለት ቃላት ይዞ ደፈረ፤ አንተ ምን ደፈርክ? አንድ እንግሊዛዊ «ጠላት እጅ ሰጠ» ሲባል ሰምቶ «እጁን ለማን ሰጠው?» ቢልህ ቡና ጋብዘህ ታስረዳው የለ! ለወንድምህ ሲሆን ነው ማስረዳቱ የጠፋህ?

በል ተነስና አስረዳው። ስልኩን ያውጣ፣ ዘፈን ይክፈት፣ ድምፁን እየቀነሰ «አይም ተርኒንግ ኢት ዳውን» ይበል። ከዚያ አንተ ሻይ ጋብዘው፤ እሱ ደግሞ እምቢ ይበልህና ምን እንዳደረገ በእንግሊዝኛ ይንገርህ።