ለጥምቀት ያልሆነ ዋጋ ይበጣጠስ

ሽማግሌ ሲያማርር «ድሮ» ሳይል አይጀምርምና እኔም ልበል። ድሮ ጎንደር ላይ ለጥምቀት እንግዳ አልጋ አይከራይም፤ ይነጠፍለታል እንጂ። ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከወገራ የመጣ ዘመድ ሁሉ ቁርበት ላይ ተደርድሮ ያድራል፤ ሌሊት የአንዱ እግር የሌላውን አፍንጫ ቢነካ «በዓል ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ዘመዶቼ ክፍል ልይዝ አንድ ሆቴል ገብቼ የአንዱን ሌሊት ዋጋ ስሰማ፣ ቤቱን የሚሸጡልኝ መስሎኝ «ከነካርታው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

የእንግዳ መቀበያው ልጅ አልሳቀም። መጀመሪያ ጫማዬን አየ። ቀጥሎ «እንግዶቹ ከየት ናቸው አባባ?» አለኝ። «ከአዲስ አበባ» አልኩት። «ከውጭ የሚመጣ የለም?» አለ። የእህቴ ልጅ ከሚኒሶታ እንደምትመጣ አፌ አምልጦኝ ተናገርሁ። ዋጋው እዚያው በቆምኩበት ጨመረ።

ክፍሉን ልየው ብዬ ወጣሁ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከጣሪያ የሚወርድ የሚያብረቀርቅ ሻወር አለ፤ ስከፍተው አንዴ አስሎ ዝም አለ። ከጥግ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል፤ በርሜሉ ላይ ቢጫ ጆግ ተቀምጧል። «ሻወሩስ?» አልኩት። «እሱ ለፎቶ ነው» አለኝ። እዚህ ላይ ልጁን ብቻ አልወቅስም። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ የመገጭ ግድብ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ እየተንከባለለ፣ ጎንደር ውኃን በፈረቃ የምታገኝ ከተማ ሆናለች። የፋሲል መዋኛ በቀሃ ወንዝ ውኃ ሞልቶ ሕዝብ ይረጭበታል፤ ተረጭቶ ወደ አልጋው የተመለሰው እንግዳ ግን ፊቱን በጆግ ይታጠባል።

በዩኒቨርሲቲያችን ማራኪ ግቢ ኢኮኖሚክስ የሚማር የልጅ ልጅ አለኝ። ስግብግብነት ነው ባልኩ ቁጥር «አባባ፣ ይሄ ፍላጎትና አቅርቦት ነው» ይለኛል። «ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ። አልጋው ያው ነው፤ የሚተኛበት ሰው ግን አገር ሙሉ። ጥምቀት ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ዓለም ሁሉ አውቆታል።» ይህን ብሎ ወደ ባለ ሆቴሎቹ ኪስ ይገባል። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ራሱ ግጭት ውስጥ ገባ፤ የውጭ ጎብኚ ጠፋ፤ አስጎብኚው የፋሲል ግንብ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ይህ አልበቃ ብሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንሶላው፣ ጄኔሬተሩ፣ መለዋወጫው ሁሉ በዶላር የሚመጣ ነው። «ዓመት ሙሉ ባዶ የነበረ ሆቴል የዓመቱን ወጪ በሦስት ሌሊት ሊያወጣ ቢሞክር ይፈረድበታል?» ይለኛል።

አይፈረድበትም። ልጁ የተማረበትን ገንዘብ አላባከነም፤ እዚህ ድረስ ተስማምቻለሁ። የማልስማማው ከዚህ በኋላ ነው። ገበያ ከሆነ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ሲወርድም ልየው። የስሜን ጭላዳ እንኳ ጠዋት ከገደሉ ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል፤ የጎንደር ዋጋ ግን መውጣት እንጂ መውረድ አልተማረም። በጥር «ሰው በዛ» ተብሎ የተጨመረ፣ በሐምሌ «ሰው ጠፋ» ተብሎ እዚያው ይቆያል። ሁለቱም ምክንያት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲገፋ ሽማግሌ ይጠረጥራል።

ጎረቤቴ ደግሞ አለ። አምና ሳሎኑን ለጥምቀት አከራይቶ፣ ራሱ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ኩሽና አደረ። «ምነው እንዲህ አስወደድከው?» ብለው «ጋሼ፣ ገበያ ነው» አለኝ። በማግሥቱ የሽንኩርት ነጋዴዋ በኪሎ ጨመረችበትና «ስግብግብ!» እያለ ሰፈሩን አሸበረው። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ እኛ ስንጨምር ገበያ፣ ሌላው ሲጨምር ስግብግብነት።

የሚኒሶታዋ የእህቴ ልጅ እንደምትለው ይህ ሙግት እነሱም ዘንድ አለ። አሜሪካ ውስጥ ዲዝኒላንድ የሚባል የመጫወቻ መንደር እ.ኤ.አ. በ1955 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 1 ዶላር ነበር፤ በጊዜው በእኛ 2 ብር ተኩል ገደማ። መጫወቻው ለየብቻ ይከፈልበት ነበር። ዛሬ ሰው በሚበዛበት ቀን የአንድ ቀን መግቢያው ከ200 ዶላር በላይ ነው። የመንደሩን የካርቱን አይጥ ለማየት 200 ዶላር! ጎተራዬን ላሳያት፣ በነፃ። የአሜሪካ ሽማግሌም «ስግብግብ ሆኑ» ይላል፣ የልጅ ልጁም «ፍላጎትና አቅርቦት» ይለዋል። ሆኖም አንድ ነገር አስቀናኝ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የዲዝኒ ዋጋ እንደየቀኑ ይለያያል፤ የትኛው ቀን ስንት እንደሆነ ግን አስቀድሞ ተዘርዝሮ ይታያል። ይወደዳል እንጂ ጫማ አያይም።

ሌላም ልዩነት አለ። ዲዝኒ የሚያስከፍለው ራሱ ለሠራው መንደር ነው። የጎንደር ባለ ሆቴል ግን በጥር የሚሸጠው አልጋውን ብቻ አይደለም። ግንቡን የጀመረው ዐፄ ፋሲል ነው፤ ታቦቱን የሚሸከሙት ካህናቱ ናቸው፤ መንገዱን የሚጠርገውና ምንጣፉን የሚያነጥፈው የሰፈር ወጣት ነው፤ ሆ እያለ የሚያጅበው ሕዝቡ ነው። ከእነዚህ አንዱም «የበዓል ሂሳብ» አላስከፈለም። ሁሉም በነፃ የሰጠውን አንዱ ብቻ ደረሰኝ ሲቆርጥበት፣ ቢያንስ ዋጋውን ሊደብቅ አይገባም።

ለዚህ ደግሞ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘህ ደባርቅ ስትደርስ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ሰው ስለ አስጎብኚው፣ ጠመንጃ ስላነገተው ስካውት፣ ስለ ምግብ አብሳዩና ስለ በቅሎው የቀን ሂሳብ አስቀድሞ ይነገረዋል። በቅሎም በተራ ነው፤ «የኔዋ መልከ መልካም ናት» ብሎ ተራ የሚዘል የለም። ብርድ የሚያንዘፈዝፈው የደጋ ገበሬ የቻለውን፣ ምንጣፍ ላይ የቆመ ሆቴል አይችልም?

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለው የድሮ ሰው ስለ ቀሚስ ነበር። ባለ ሆቴሎቻችን ለዋጋ ወሰዱት፤ ይሁን፣ በዓል ነውና ዋጋውም ይልበስ። ግን በታኅሣሥ መባቻ የጥሩን ዋጋ ጽፋችሁ በራችሁ ላይ ለጥፉ፤ ለቱሪስትም ለዘመድም ያው ይሁን፤ ጥር 13 ሲነጋ አውርዱት። የከተማው ባህልና ቱሪዝምም ዞር ዞር ብሎ ይመልከት። ተለጥፎ የታየ ዋጋ ቢወደድም ገበያ ነው፤ ሰው ታይቶ የሚነገር ዋጋ ቢረክስም ስግብግብነት ነው። እናንተ እንግዶችም ሻንጣችሁን ሳታስቀምጡ ጠይቁ፤ ተጽፎ ያላያችሁትን አትክፈሉ።