የታጠበና ያልታጠበ

ጥቅምት ጠብቶ እሸቱ ሲቀላ ጅማ እንግዳ ይበዛባታል። ከአጋሮ፣ ከየቡና ከሊሙ ገነት የሚገባው መኪና ጀንፈል ጭኖ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ግን ገምጋሚና ጎብኚ፣ ሆዱን ይዞ ነው። ታዲያ በዚህ ሰሞን እራት የምታበላ እመቤት ሁሉ ጭንቀቷ አንድ ነው፤ ገበታው ቡና ቡና እንዲል ምን ይደረግ? እነሆ የጌጥ ምክር። ከጌጥ አልፎ ሌላ ነገር የታየው አንባቢ ዐይኑን ይታጠብ።

ጨርቁ ጆንያ ይሁን፤ ያ ስልሳ ኪሎ የሚይዘው የኤክስፖርት ጆንያ። በውጭ ፊደል የተጻፈበት ፊቱ ወደ እንግዳው ይዙር። ባዶ ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም። ሙሉው ጅቡቲ ደርሷል፤ ለጌጥ የሚሆነውም ባዶው ነው።

መሀል ላይ ቀይ እሸት ከነቅርንጫፉ ይቀመጥ። ከአምስት ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ነው የሚወጣው፤ በሳህን ላይ ግን በዝቶ ይታያል፣ እንግዳም የሚቆጥረው በሳህን ያለውን ነው። ለቃሚዋን መጥራት አይመከርም። ሲለቅም የዋለ እጅ ይጠቁራል፣ ከጆንያው ቀለም ጋር አይሄድም።

ወንበሩ ላይ ቆየት እንበል፤ የወንበር ነገር ችኮላ አይወድም። የጅማ ጠራቢ በርጩማውን ከአንድ ግንድ አውጥቶ በሦስት እግር ያቆመዋል፤ ወለሉ ቢጎረብጥም አይነቃነቅም። ከከተማ የሚመጣው ባለ አራት እግር ወንበር ግን መሬቱ ትንሽ ከጎደለ ይንገዳገዳል። መድኃኒቱ ወረቀት አጥፎ ከሥሩ መሸጎጥ ነው። የአምና ሪፖርት ከተገኘ ወፍራም ስለሆነ አጥብቆ ይይዛል። ከእንጨት ዋንዛ ይመረጥ። ዋንዛ ዕድሜውን በቡናው መሀል ጥላ ሆኖ ይኖራል፤ ቡና ጥላ እንደሚወድ ከመልኮ ተመራማሪ እስከ ጌራ ገበሬ የማያውቅ የለም። ታዲያ ጥላው ሲወድቅ ወንበር ይወጣዋል። ከሥሩ ተጠግቶ የኖረውን ፀሐይ ይመታዋል፣ እሱም ሌላ ጥላ እስኪያገኝ ቅጠሉን አጥፎ ይጠብቃል።

አቀማመጡ በደረጃ ነው። ቡናውም ቢሆን እኮ እንዲሁ ነው። ከጎማ ወይም ከማና የተለቀመ እሸት ተፈልፍሎ ሲታጠብ ሊሙ ይባላል፤ ከዚያው ዛፍ የወረደ ወንድሙ ከነገለባው ከደረቀ ጅማ ተብሎ ይቀራል። ስም ለማስለወጥ ውሃ ይበቃል። እንግዶች ሲገቡም ማስታጠቢያው ይዙር። እጁን የታጠበ ወደ ላይ ይቀመጥ፤ ከነገሩ ሁሉ እጁን የታጠበ ከሁሉ በላይ። ያልታጠበው በሩ ጋ ቦታ አያጣም።

ለጅማ ግብር አዲስ አይደለም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ሆነው ለዳግማዊ ምኒልክ በየጊዜው እየገበሩ አገራቸውን ከጦር አትርፈዋል። የሚበላውንም የሚከፈለውንም ያውቁበት ነበር። ዛሬም ግብር ካለ እንግዳ ከሩቅ ይሰማል፤ ሳይጠራም ይመጣል።

ከዚያ ቡናው ይፈላ። ቄጤማው ይጎዝጎዝ፣ ዕጣኑ ይጨስ፣ በዕጣን ደግሞ አትሰስቱ፤ ጭሱ ሲበዛ የቡናውን ሽታ የሚለይ አይኖርም። ለውጭ ገበያ የተለየው ቡና አገር ውስጥ እንዳይቸረቸር በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 602 ከልክሎ ነበር፤ እኛም ሕግ አክባሪዎች ነን። ስለዚህ ከለቀማ የተረፈውን ጠቆር እስኪል ቁሉት። በደንብ የጠቆረ ነገር ጉድለቱ አይታይም። አቦሉ ለእንግዳ፣ ቶናው ለእንግዳው ሹፌርና አጃቢ። በረካው ለባለ ማሳው ይሂድ፤ በረከቱ ይበቃዋል።

እንግዳው ተደስቶ ሲነሳ የሚሰጠው ነገር ካጣችሁ አትሳቀቁ። ባዶው ጆንያ ተጣጥፎ ይሰጠው፣ እስከ በር ሸኙት፣ መኪናው ሲነሳም ጠጋ ብላችሁ፣ «ባሕር ማዶ ብቅ ካሉ እባክዎ ትንሽ የጅማ ቡና ይላኩልን» በሉት።